የአበባው ግድግዳ ወረቀት መጋጠሚያው ላይ አልገናኝ ሲል

ትልልቅ አበባና ቅጠል ያለው የግድግዳ ወረቀት እየለጠፍኩ ነበር። ላይኛው በኩል ልክክ ብሎ ይገጥማል። ታች ስደርስ ግን ግማሹ ቅጠል ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ላይ አረፋ ያወጣል።

በእጄ ሳብ አድርጌ አገናኘሁት፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ መጋጠሚያው ተከፈተ። ሙጫ ጨመርኩ፤ ወደ ውጭ ወጥቶ አበባው ላይ አብለጨለጨ። ግድግዳውን በውሃ ልክ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው።

ነገሩ የደቂቃ ጉዳይ ኖሯል። ተራው ወረቀት ሙጫ ሲነካው እርጥበት ጠጥቶ ይሰፋል። አንዱ ቁራጭ 3፣ ሌላው 10 ደቂቃ ከቆየ እኩል አይሰፉም፤ አበባውም ይዛነፋል። ሳይጠግብ የተለጠፈው ደግሞ ግድግዳው ላይ መስፋቱን ይቀጥላል፤ አረፋው ከዚያ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቁራጭ ሙጫ ቀብቼ፣ የተቀባውን ፊት ወደ ውስጥ አጥፌ፣ የስልኬን አላርም ሞልቼ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ያህል አቆየሁት። የኔው 7 ደቂቃ ይላል። ከዚያ በቱምቢ ካሰመርኩት መስመር ጀምሬ፣ አበባውን በዓይን ከፍታ ላይ አገናኝቼ፣ በብሩሽ ከመሀል ወደ ዳር ጠረግኩት። እስከ ታች ገጠመ!

ወረቀታችሁ ነን ዎቨን የሚባለው፣ ሙጫ ሲነካው የማይሰፋው ዓይነት ከሆነ ማቆየቱ አያስፈልግም፤ ሙጫው የሚቀባው ግድግዳው ላይ ነው። በሁለቱም ግን የጥቅሎቹ የምርት ዙር ቁጥር (ባች ነምበር) አንድ መሆኑን ሳትቆርጡ እዩ፤ ካልሆነ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል።