ዓይን ውስጥ የሚንሳፈፉ ነጠብጣቦች፦ ምርመራው፣ አብሮ መኖሩና ሕክምናው

ዓይንዎ ላይ አዲስ ነጥብ፣ ክር ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየዎት መጀመሪያ ምንነቱን ይለዩ። አንዱን ዓይን ሳይጫኑ በመዳፍዎ ይሸፍኑ፤ በሌላው ነጭ ግድግዳ እያዩ ዓይንዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያመላልሱና ድንገት ያቁሙ። ተንሳፋፊ ከሆነ ከዓይንዎ ኋላ ኋላ ይከተላል፤ ዓይኑ ከቆመም በኋላ ትንሽ ይዋልልና ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ትኩር ብለው ሊያዩት ሲሉ ይሸሻል። ከዚያ ሌላኛውን ዓይን እንዲሁ ይፈትሹ፤ በሁለቱም ሲያዩ ጤነኛው ዓይን የታመመውን ጉድለት ይሸፍናል።

ዓይንዎን ወዴትም ቢያዞሩ ከእይታዎ መሀል የማይነቃነቅ ጥቁር ነጥብ ግን ተንሳፋፊ አይደለም፤ የሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ስስ ሽፋን ሕመም ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። በሁለቱም ዓይን የሚታይ፣ እየሰፋ የሚሄድና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ የሚጠፋ የሚያብለጨልጭ ዚግዛግ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከማይግሬን ጋር የተያያዘ ነው። ሰማያዊ ሰማይ ላይ ፈጠን ፈጠን እያሉ የሚርመሰመሱ ደቃቅ ብሩህ ነጥቦች ደግሞ በሬቲና ደም ሥሮች ውስጥ የሚያልፉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ ጤነኛ ሰውም ያያቸዋል።

የዓይን ኳስ ውስጡ ወደ 4 ሚሊ ሊትር በሚሆን፣ እንደ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ ባለ ነገር የተሞላ ነው። ሐኪሞች ቪትሪየስ ይሉታል። ከመቶ 98ቱ ውሃ ነው፤ ቅርጹን የሚይዙለት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ዝልግልጉ ይቀጥናል፣ ክሮቹም ይቋጠራሉ፤ ሰው የሚያየው የነዚህ ቋጠሮዎች ጥላ ሬቲና ላይ ሲያርፍ ነው። ብርሃን ሲበዛ ብሌን ስለሚጠብ ጥላው ይጠራል፤ ውጪ ሲወጡ ወይም ነጭ ስክሪን ላይ ሲያፈጡ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ፣ የሩቁ በሚደበዝዝባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ ቪትሪየሱ ከሬቲናው ይላቀቃል። መላቀቁ በራሱ አያሳውርም። ችግሩ አንዳንዴ ሲላቀቅ ሬቲናውን ስቦ መቅደዱ ነው፤ ድንገት ምልክት ከታየባቸው ሰዎች ከመቶ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ እነዚህ ሲመጡ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፦ ነጠብጣቦች በአንዴ በብዛት ሲፈሉ፤ ጨለማ ውስጥ በዓይንዎ ጠርዝ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ሲታይ፤ ከአንድ በኩል እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ሲወርድ፤ እይታዎ ሲደበዝዝ፤ ዓይንዎ ከተመታ ወይም ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ሲጀምር፤ ዓይንዎ ቀልቶ ሲያምም። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑም አይዘግዩ፤ ዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል። «አያመኝም» ብሎ መዘናጋት የብዙዎች ስህተት ነው። ሬቲና የሕመም ስሜት ስለሌለው ሲቀደድም ሲላቀቅም አያምም።

ምርመራው ብሌን በሚያሰፋ ጠብታ ካልተደረገ ተመረመርኩ ብለው አይቁጠሩት። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ሬቲናው ጠርዝ ላይ ስለሚሆን በጠባብ ብሌን አይታይም፤ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብዎም ቀዳዳ እንደሌለ አያረጋግጥም። ጠብታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያ ለ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል የቅርቡ ይደበዝዛል፣ ብርሃንም ይወጋል። መኪና ይዘው አይሂዱ፣ የፀሐይ መነጽር ይያዙ። በየትኛው ዓይን፣ መቼ እንደጀመረ፣ ብልጭታ መኖር አለመኖሩን፣ የመነጽርዎን ቁጥርና በቤተሰብ ሬቲናው የተላቀቀበት ሰው ካለ ይንገሩ። ቀዳዳ ከተገኘና ሬቲናው ገና ካልተላቀቀ ዙሪያውን በሌዘር ያጥሩታል፤ ተኝቶ መታከም አያስፈልገውም። ምንም ባይገኝም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሰው ይታዩ፣ ቀዳዳው ዘግይቶም ሊመጣ ይችላልና።

ከምርመራ በኋላ የቀረው ተንሳፋፊ ብቻ ከሆነ፣ አእምሮ ጥላውን ችላ ማለትን በጥቂት ወራት ውስጥ ይለምዳል። ይህን የሚያበላሸው ሰውየው ራሱ ነው፤ «ዛሬስ አለ?» እያለ ጠዋት ማታ ነጭ ግድግዳ ላይ የሚፈልገው ሰው አእምሮው እንዳይረሳው ያደርጋል። በሳምንት አንዴ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ መፈተሽ ይበቃል። ስክሪን ላይ ጀርባውን ጥቁር፣ ጽሑፉን ነጣ ያለ ያድርጉ፤ የስክሪኑን ብርሃን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ያመጣጥኑ። እያነበቡ መሀል ላይ ከመጣብዎት ዓይንዎን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሱ፤ ቪትሪየሱ ሲናጥ ጥላው ከመሀል ዞር ይላል። ዓይንን ማሸት ግን አይጠቅምም።

የሚያሟሟው ጠብታም ሆነ ቫይታሚን የለም። አሟሟለሁ ለሚል እንክብል ገንዘብ አያውጡ።

ሁለት ሕክምናዎች አሉ። ያግ ሌዘር ክሩን ይበታትነዋል። የሚሠራው ቋጠሮው አንድና ትልቅ፣ ከሬቲናና ከዓይን ሌንስ ራቅ ያለ ሲሆን ነው፤ ለደቃቅና ሬቲና አጠገብ ለሆኑት አይመችም። ትልቁ ወደ ብዙ ትናንሽ ነጥቦች የሚለወጥበት ጊዜ አለ፣ ሌንሱ ወይም ሬቲናው ሊጎዳም ይችላል። ቪትሬክቶሚ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሱ ቀዳዳዎች ቪትሪየሱን አውጥቶ በንጹሕ ፈሳሽ ይተካዋል። ነጠብጣቡን ለማጥፋት የተሻለው ይኸው ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በተለይ ከ50 በላይ በሆኑት ላይ የዓይን ሞራን ያፋጥናል፤ ሬቲና መቀደድና መላቀቅ፣ አልፎ አልፎም እይታን የሚያጠፋ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ለወራት ጠብቀው ያልቀነሰላቸውና ማንበብ ወይም መንዳት የተቸገሩ ሰዎች ያስቡበት።

ለቀዶ ሕክምና ከመስማማትዎ በፊት ሐኪሙን ቪትሪየሱ ከሬቲናው ሙሉ በሙሉ ተላቅቆ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልተላቀቀ፣ በተለይ በወጣቶች፣ ሐኪሙ ራሱ ሊያላቅቀው ይገደዳል፤ ያኔ የመቀደዱ አደጋ ይጨምራል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ዓይን ውስጥ ጋዝ ከተደረገልዎት ጋዙ ጨርሶ እስኪጠፋ አውሮፕላን አይሳፈሩ፤ ከፍታ ላይ ጋዙ ተስፋፍቶ የዓይን ግፊትን አደገኛ ደረጃ ያደርሰዋል።