ደብዛዛ መስመርም መስመር ነው፦ ቤት ውስጥ ኤችአይቪ ሲመረመሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የማወራው ድድ ተጠርጎ ስለሚሠራው መመርመሪያ ነው። አጠቃቀሙን በሥዕል የሚያሳይ ወረቀት ከኪቱ ጋር አለ፤ እሱን አልደግምም። ውጤቱ የሚነበብበት መስኮት አጠገብ ሁለት ፊደሎች አሉ፦ ሲ (C) ላይ የሚወጣው መስመር ምርመራው መሥራቱን፣ ቲ (T) ላይ የሚወጣው ደግሞ ውጤቱን ያሳያል።

ሲ ላይ መስመር የለም

ምርመራው አልሠራም ማለት ነው። ቲ ላይ መስመር ቢታይም አይቆጠርም። ወይ ድዱ በደንብ አልተጠረገም፣ ወይ መመርመሪያው ብልቃጡ ውስጥ እስከ ታች አልገባም፣ ወይ ኪቱ ራሱ ተበላሽቷል። በአዲስ ኪት ድገሙት። ኪቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችልም። መተማ ደርሶ በተመለሰ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኪት ይዛችሁ ከሆነ ጣሉት። ማሸጊያው የተከፈተ ኪት የሚሸጥላችሁ ሰው ካለም መልሱለት። በሰው ሕይወት ላይ እንዲህ መነገድ ነውር ነው።

መስኮቱ በሙሉ ቀላ

ፈሳሹ ሲወጣ መጀመሪያ ቀላ ይላል፣ ከዚያ ይጠራል። 20 ደቂቃ ሳይሞላ አታንብቡ። ጊዜው ደርሶም መስመሮቹን ለማየት የሚከለክል ቅላት ካለ ውጤት የለውም።

ቲ ላይ ያለችው መስመር ደብዛዛ ናት

አብዛኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ማታ ማታ በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል፦ «ይቺ መስመር ናት ወይስ ጥላ?» ስልኩን አስጠግተው፣ በባትሪ አብርተው፣ አጋድመው ያነሱት ፎቶ ነው። በፎቶ አልፈርድም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ደቂቃ ላይ አያችሁት?

ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከታየች፣ የቱንም ያህል ብትደበዝዝ መስመር ናት። የመስመሩ መድመቅና መደብዘዝ የቫይረሱን ብዛት አይናገርም። ኪቱ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። እሱ ደግሞ ድድ ላይ ከደም ይልቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ፖዘቲቭ» የሚባል ነገር የለም።

አንዲት ተማሪ መስመሯ ደብዛዛ ሆነችባትና ሌላ ኪት ገዛች። ያኛውም ያው ሆነ። ሌላ ጨመረች። መስመሯ እንድትጠፋላት ስትጠብቅ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ በደም ተረጋገጠ፣ መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀመረች። ዛሬ ደህና ናት። ያቺን መስመር ስትሟገት ያጣችው እንቅልፍ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ሌላው ደግሞ ማታ ተመርምሮ ኪቱን መሳቢያ ውስጥ ረሳው። ጠዋት ሲያየው ቲ ላይ መስመር አለ። ለሚስቱ ነገራት፤ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። በደም ሲመረመር ነፃ ነው! ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚታይ ነገር አይነበብም። ሰዓት ሙሉና ቁጭ በሉ፤ ካለፈባችሁ ጣሉትና በአዲስ ድገሙ።

በጊዜው የታየች መስመር ካለች ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። እዚያ በደም፣ በተለያዩ መመርመሪያዎች ተራ በተራ ይታያል። ፖዘቲቭ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። የቤቱ ኪት ብቻውን አይፈርድም፤ ተሳስቶ መስመር የሚያወጣበት ጊዜም አለ። በሠፈራችሁ መታየቱ ካስፈራችሁ፣ እዚህ ጎንደር አዘዞ ያለ ሰው አራዳ፣ አራዳ ያለው አዘዞ ይመርመር። ብቻ ይሂድ።

ሲ ላይ ብቻ መስመር ወጣ፣ ግን ሥጋቱ የቅርብ ነው

ሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ልጆች ገና ከመኪና ሲወርዱ ይመረመራሉ፤ ኔጌቲቭ ሲሆን ደስ ይላቸዋል። አንቲቦዲው ለመታየት ጊዜ ይፈልጋል። ከተጋለጣችሁበት ቀን 3 ወር ሲሞላ ድገሙት። እስከዚያ ኮንዶም። ከተጋለጣችሁ ገና 72 ሰዓት ካልሞላችሁ ደግሞ ኪቱን ተዉትና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ እንዳይዛችሁ የሚከላከል መድኃኒት አለ። በዘገያችሁ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል።

መድኃኒት እየወሰድኩ ኔጌቲቭ ሆንኩ

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። መድኃኒቱ በደንብ ሲሠራ የድድ ምርመራ በስህተት ኔጌቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ጸበል ከርመው ሲመለሱ ቤት ተመርምረው፣ «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒታቸውን ያቆሙ ሰዎች ታመው ሲመጡ አይቻለሁ። ጸበሉን ማንም አይከለክልም። አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። መድኃኒት የጀመረ ሰው በዚህ ኪት አይመርመር። ያለበትን ሁኔታ የሚያሳየው በደም የሚሠራው የቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። ያቆማችሁ ካላችሁ ነገ ጠዋት ወደምትከታተሉበት ክሊኒክ ተመለሱና ማቆማችሁን ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ከየት እንደምትቀጥሉ እነሱ ያሳዩአችኋል።