ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ነገር "ጸበሉ ይቅርብሽ" ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ከዛ በኋላ የሚሰማችሁ የለም፣ ተደብቀው ይሄዳሉ ኪኒኑም እቤት ይቀራል። ይልቅ "መቼ ነው የምትሄጂው፣ ስንት ቀን ትቆያለሽ" በሉ።

አክስቴ የኤችአይቪ መድኃኒት ትወስዳለች። አምና ጸበል ስትገባ ኪኒኗን ቆሎ መያዣ ፌስታል ስር ቀብራ ይዛ ሄደች፣ አጠገቧ የሚተኙት ሴቶች "መድኃኒት ይዘሽማ እምነት የለሽም" እንዳይሏት፣ እነሱ ፊት ላለማውጣት ብላ 14 ቀን ሙሉ ሳትውጥ ተመለሰች። ቫይረሱ በመሃል ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል፣ ይሄን እሷም ታውቃለች እኮ!

ስለዚህ የሃኪም ምክር ብቻ አይበቃም፣ የአባቶች ቃል ያስፈልጋል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም ጸበልና መድኃኒት አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በይፋ ተናግረዋል፣ ያኔ እንጦጦ ማርያም ብዙ የኤችአይቪ ታማሚ ነበር፣ መድኃኒቱም በነጻ መሰጠት ከጀመረ ገና 2 ዓመቱ ነበር። ይሄን ንገሯቸው። ከዛ ከመሄዳቸው በፊት የንስሐ አባታቸው ጋ አብራችሁ ሂዱ። እኛ ዘንድሮ ሄድን፣ አባ "ልጄ እሱንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው፣ በጸበሉ ዋጪው" አሏት፣ አለቀ። እኔ ዓመት ሙሉ ስለፈልፍ የከረምኩትን።

ጾሙን ደግሞ እንደየመድኃኒቱ ዓይነት እዩት። ዶሉቴግራቪር ያለበት በቀን አንዴ የሚዋጠው የኤችአይቪ ኪኒን ምግብ አይፈልግም፣ ጠዋት ጸበል ሲጠጡ መዋጥ ይቻላል። የቲቢውም በባዶ ሆድ ይወሰዳል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በድንገት ከቆመ ከበፊቱ የባሰ ሊጥል ይችላል፣ ጸበሉ ቦታ ውሃና ገደል አጠገብ መሆኑንም አስቡት። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ 9 ሰዓት ልጹም ካለ መጀመሪያ ሃኪሙን ያናግር፣ ምግብ ሳይበሉ እንደ ወትሮው መውጋትም ጨርሶ መተውም ሁለቱም አደጋ ነው (ለበሽተኛ ጾም የሚፈቱት የንስሐ አባት ናቸው፣ እዛው ጠይቋቸው)።

የቀጠሮ ቀን ሱባኤው መሃል ከወደቀ ቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መድኃኒት አስጨምሩ፣ የ4 5 ቀን ትርፍም ያዙ፣ መኪና ሲጠፋ "አንድ ሱባኤ ልጨምር" ማለት የተለመደ ነው፣ ብዙው ጸበል ቦታ ደግሞ ፋርማሲ የለም።