ርካሽ የአሳማ ፀጉር የፂም ብሩሽ እንዴት ተመርጦ እንደሚገዛና እንዴት እንደሚሰራበት

ብዙ ሰው ርካሽ የፂም ብሩሽ፣ ማለትም ሲላጩ የሳሙና አረፋ ፊት ላይ የሚቀባበትን ብሩሽ፣ ይገዛና አንዴ ሁለቴ ሞክሮ ፊቴን ቧጠጠኝ፣ ይሸታል፣ ፀጉሩ ይረግፋል ብሎ ይጥለዋል። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም የአሳማ ፀጉር ብሩሽ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳያችሁ ፀባይ የራሱ ፀባይ አይደለም። አዲስ ሲሆን ደረቅና ሻካራ ነው፣ እየሰራችሁበት ስትሄዱ ግን የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ እየተሰነጠቀ በጣም ቀጭን ይሆንና ፊት ላይ የሚያርፈው ክፍል ይለሰልሳል፣ ግንዱ ግን ጠንካራ እንደሆነ ይቀራል። የዚህ ብሩሽ ጥሩነቱ ይሄ ነው፣ ጫፉ ለስላሳ መሀሉ ጠንካራ።

ደሞ እኛ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ላለን ሰው ብሩሽ ትርፍ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ አንኮበርና መንዝም ያው ደጋ ናቸው፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ውርጭ የጣለበት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ሳሙና በእጅ ቀብቶ ምላጭ ማሳረፍ ማለት ፂሙ ሳይርስ ቆዳው ተኮማትሮ መላጨት ማለት ነው። ከዛ ነው መድማቱ፣ መቃጠሉ፣ በነጋታው ደሞ አንገት ላይ የሚወጣው ሽፍታ። ብሩሽ ሙቅ ውሃና አረፋ ይዞ ፂሙ ስር ድረስ ስለሚገባ ፀጉሩን ያረጥበዋል፣ ከቆዳውም ቀና ያደርገዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር በግልፅ ልበል። ይሄ ብሩሽ የሚሰራው ከአሳማ ፀጉር ነው፣ ፀጉሩ በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። እኛ ጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ አይበላም፣ ፀጉሩንም ፊቴ ላይ አላስነካም የሚል ብዙ ሰው አለ፣ ልክ ነው፣ የህሊናና የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ ማንም ሊከራከራችሁ አይገባም፣ የምትጠራጠሩ ከሆነ የንስሃ አባታችሁን ወይ ሼካችሁን ጠይቁ። ለማትፈልጉ ሲንተቲክ፣ ማለትም ከሰው ሰራሽ ክር የተሰራ ብሩሽ አለላችሁ፣ የድሮው ሲንተቲክ መጥፎ ነበር የአሁኑ ግን ለስላሳ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል፣ መዘፍዘፍም አይፈልግም። ከታች ከምነግራችሁ ውስጥ የአሳማ ፀጉሩን መለየት፣ ማለማመድና መዘፍዘፍ የሚለው ብቻ ነው የማይመለከታችሁ፣ ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ስም ካላቸው ርካሽ የአሳማ ፀጉር ብሩሾች ውስጥ የጣሊያኑ ኦሜጋና የፖርቹጋሉ ሴሞግ የታወቁ ናቸው፣ ኦሜጋ 10049 የሚባለው የጣሊያን ፀጉር ቤቶች ሳይቀሩ የሚሰሩበት አይነት ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ብሩሽ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም፣ አስመጡ። ሱቅ ላይ ስም የሌለው ብሩሽ ከሆነ የሚሰጣችሁ ደሞ በእጃችሁ ፈትሹት። ፀጉሩን በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ አንድ ሁለት ፀጉር ቢወጣ ችግር የለውም፣ አዲስ ስለሆነ ነው፣ በጥቅል ከወጣ ግን ኮላው መጥፎ ነው፣ ተዉት። ከዛ ፀጉሩ እጀታው ውስጥ የገባበትን ቦታ እዩ፣ ክፍተት ካለው ውሃ እዛ ውስጥ እየገባ ኮላውን ያላቅቀዋል። ፀጉሩ ከእጀታው በላይ ያለው ቁመት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ እስሩ ላይ ውፍረቱ ከ22 እስከ 27 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለፊት ይበቃል። ከዛ ያጠረ የአሳማ ፀጉር ሽቦ ነው የሚሆነው፣ አይተጣጠፍም።

እጀታው ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል። እንጨት ያምራል ግን ቫርኒሹ ከተላጠ ውሃ ይጠጣና ይሰነጠቃል።

ሻጩ "ኦሪጅናል ፀጉር ነው" ብሎ ናይለን ሊሸጥላችሁ ይችላል። ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ከረገፈው አንዷን ፀጉር ክብሪት ጫሩባት። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የቀረውም በጣት ሲፈጩት ዱቄት ይሆናል። ናይለን ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ድብልብል ነገር ይሰራል፣ የፕላስቲክ ሽታ ይሸታል። ሌላው ምልክት ውሃ ነው፣ የአሳማ ፀጉር ውሃ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ በግልፅ ይለሰልሳል ናይለን ግን እንደነበረ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ብሩሽ እራሴ እሰራለሁ ብላችሁ በፈረስ ጭራ ወይ በሌላ እንስሳ ፀጉር አትሰሩ፣ ከማይታወቅ ሰውም እንደዛ አይነት አትግዙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ በደንብ ካልፀዳ የፈረስ ፀጉር የተሰሩ የፂም ብሩሾች ሰውን አባሰንጋ አስይዘዋል፣ የሞቱም ነበሩ፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጃፓን የሚመጣ የፂም ብሩሽ እንዳይገባ እስከመከልከል ደርሳለች። አባሰንጋ ምን እንደሆነ ከብት ያለው የሸዋ ገበሬ ያውቀዋል፣ ጀርሙ ደሞ ፀጉርና ቆዳ ላይ ለረጅም አመታት ሳይሞት ይቆያል። ፋብሪካ የሚሰራው ግን ፀጉሩ ከጀርም ፀድቶ ነው።

እሺ ብሩሹ ቤት ገባ። መጀመሪያ ቀን አትላጩበት። ለብ ባለ ውሃና በፀጉር ሻምፑ እጠቡት፣ መዳፋችሁ ላይ እያሽከረከራችሁ አረፋ አውጡ፣ አለቅልቁት፣ ድገሙት። ሽታ አለው፣ የእንስሳ ፀጉር ስለሆነ ሲረጥብ እርጥብ የበግ ሱፍ የሚሸተውን ነው የሚሸተው፣ መንዝ ባና ያጠበ ሰው ያውቀዋል። ሽታው ካስቸገራችሁ የፂም ሳሙና ወይ ክሬም በደንብ አረፋ አድርጋችሁበት እንዳለ አሳድሩትና ጠዋት እጠቡት፣ እንደዛ ስትደጋግሙት ይጠፋል።

ማለማመድ የሚባለው ከዛ ነው የሚጀምረው። ሚስጥር የለውም፣ ማርጠብ፣ አረፋ ማውጣት፣ ማጠብ፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ እንደገና ማርጠብ። መድረቁ እራሱ ስራ ነው፣ ፀጉሩ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቀው በመርጠብና በመድረቅ መፈራረቅ ስለሆነ በአንድ ቀን አስር ጊዜ ብታረጥቡት አታፋጥኑትም። ከ10 እስከ 20 ጊዜ ከተሰራበት በኋላ ብርሃን ላይ አስጠግታችሁ ጫፉን እዩት፣ መጀመሪያ እንደ መርፌ አንድ የነበረው ጫፍ ሁለት ሶስት ቦታ ተከፍሎ ታገኙታላችሁ፣ ጉንጫችሁ ላይ ስታሳርፉትም መውጋቱ ቀርቷል። እስከዛ ድረስ ታገሱት፣ አትጣሉት።

በየቀኑ ስትላጩ ደሞ እንዲህ ነው። ውሃ ታሞቃላችሁ፣ ግን የፈላ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚፈላው፣ ቶሎ ፈላ ማለት ግን ለብሩሹ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ የፈላ ውሃ ፀጉሩን ያበላሻል ኮላውንም ያላላዋል። እጃችሁን ከታችሁ ሳትጨነቁ የምታቆዩበት ሙቀት ይበቃል። ኩባያ ውስጥ አድርጋችሁ ብሩሹን ፀጉሩ ድረስ ብቻ ንከሩት፣ እጀታው ውስጥ የገባበት ቦታ ውሃ ውስጥ ባይገባ ጥሩ ነው፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ተዉት። ይሄን ነው ሰው የሚዘለው። የአሳማ ፀጉር ውሃውን ወደ ውስጡ ነው የሚመጠው፣ ሳይዘፈዘፍ ከተጠቀማችሁበት ያወጣችሁትን አረፋ እራሱ ይጠጣባችሁና ፊታችሁ ላይ ምንም ሳይቀር ይደርቃል፣ ከዛ ብሩሹ አይረባም ትላላችሁ። እሱ እስኪረጥብ እናንተ ፊታችሁን በዛው ሙቅ ውሃ ታጠቡ ወይ ፎጣ ነክራችሁ አንገታችሁና አገጫችሁ ላይ ያዙበት፣ ፂምም ለመለስለስ ያንኑ ያህል ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ከዛ ብሩሹን አውጥታችሁ በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉትና አንዴ ሁለቴ አራግፉት። እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አያንጠባጥብ። ክሬም ከሆነ የጣት ጫፍ የምታክል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉ፣ ደረቅ የፂም ሳሙና ከሆነ ብሩሹን ሳሙናው ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል አሽከርክሩ፣ የአሳማ ፀጉር ጠንካራ ስለሆነ ደረቅ ሳሙና ላይ ከሌላው ብሩሽ ሁሉ ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው። ከዛ ሳህኑ ውስጥ ወይ ቀጥታ ፊታችሁ ላይ ማሽከርከር ነው፣ መጀመሪያ ትልልቅ ፊኛ ያለው አረፋ ይወጣል፣ እሱ ገና ነው፣ የብሩሹን ጫፍ ብቻ ሙቅ ውሃ ነካ እያደረጋችሁ ጠብታ በጠብታ ውሃ ጨምሩ፣ ፊኛው እየጠፋ ወፍራም እርጎ እስኪመስል ድረስ። ብሩሹን ስታነሱት ጫፉ ቆሞ የሚቀር ከሆነ ደርሷል። ብልጭልጭ ካላለና ደረቅ ከመሰለ ውሃ አንሶታል፣ ከፈሰሰ ደሞ በዝቷል፣ ትንሽ ሳሙና ጨምሩ።

የገላ ሳሙና ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አረፋ ያወጣል ግን ወዲያው ይሞታል፣ ሳትጨርሱ ፊታችሁ ላይ ይደርቃል። ሌላ ከሌለ ጥቂት ጠብታ ግሊሰሪን ጨምሩበት፣ ምላጩ እንዲንሸራተት ይረዳል። ውሃውም ለውጥ አለው፣ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ከሆነ ሳሙና እምቢ ይላል፣ ክረምት ላይ ከቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ግን በግማሽ ሳሙና አረፋውን ያትረፈርፈዋል።

ስትቀቡ መጀመሪያ ክብ ክብ እያደረጋችሁ በሁሉም አቅጣጫ አሹት፣ መጨረሻ ላይ እንደ ቀለም ቀቢ ወደ አንድ አቅጣጫ አለስልሱት። ብሩሹን ፊት ላይ ደፍጥጣችሁ አትጫኑ፣ ጫፉ ነው የሚሰራው፣ ከተጫናችሁት ፀጉሩ ከስሩ ይሰበራል፣ መሀሉም ይቦረቦራል።

መላጨቱን ባጭሩ፣ አዲስ ምላጭ፣ ቆዳን በሌላ እጅ ወጠር ማድረግ፣ ፂሙ በበቀለበት አቅጣጫ ብቻ መሄድ። አቅጣጫውን በጣታችሁ ዳብሱት፣ አንገት ላይ ብዙ ጊዜ ከጉንጭ ይለያል። የእኛ ፂም ጥቅልል ስለሆነ አጥብቆ ከተላጨ ጫፉ ቆዳ ውስጥ ተመልሶ ይገባና ነው ያ ጥቁር ጥቁር ሽፍታ የሚወጣው፣ ስለዚህ ወደ ላይ ገልብጣችሁ አትላጩ፣ አንዴ ሄዳችሁ ካልበቃችሁ እንደገና በብሩሽ ቀብታችሁ በዛው አቅጣጫ ድገሙ። ሽፍታው አብጦ ካለ ብሩሽም ምላጭም አታስነኩት፣ እስኪድን ማሽን ተጠቀሙ።

ስትጨርሱ ብሩሹ ውስጥ ሳሙና እንዳይቀር በንፁህ ለብ ያለ ውሃ አለቅልቁት፣ እየጨመቃችሁ፣ ሳትጠመዝዙ። አራግፉት፣ ፎጣ ላይ ወዲህ ወዲያ ጥረጉት፣ ከዛ አየር በሚያገኝበት ቦታ አቁሙት ወይ ፀጉሩን ወደታች አድርጋችሁ ስቀሉት። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያለ ሰው ይሄ አያሳስበውም፣ ሲነጋ ደርቆ ነው የሚያገኘው። ጣርማበርና አንኮበር ጉሙ ቤት ድረስ በሚገባበት በሐምሌና በነሐሴ ግን በአንድ ቀን ላይደርቅ ይችላል፣ እርጥብ ሆኖ መሳቢያ ወይ ፕላስቲክ ውስጥ ከተቀመጠ ይሻግታል። ሁለት ርካሽ ብሩሽ ገዝቶ ማፈራረቅ ነው መፍትሄው፣ አንዱ ሲደርቅ በአንዱ መስራት። እሳት ዳር አታስቀምጡት፣ ፀሀይ ላይም አታድርቁት፣ ፀጉሩ ይሰባበራል። ከጊዜ በኋላ ስሩ ላይ ነጭ ነገር ከተጋገረ የሳሙናና የውሃው ጨው ነው፣ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ ንከሩትና በደንብ እጠቡት።

ብሩሽ እንደ ጥርስ ብሩሽ የግል ነው፣ ወንድምም ቢሆን አይዋዋሱትም። ምላጭ ቢቆርጣችሁ ደም ይነካዋል፣ ጭርት ያለበት ሰው ከተጠቀመበትም ይተላለፋል። ፀጉር ቤት ስትሄዱም በአንድ ብሩሽ ሁሉንም ደንበኛ ሲቀቡ ካያችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱና "በዚህ ቀባኝ" በሉት፣ ጎበዝ ባለሙያ አይከፋውም። ብቻ ቀደም ብላችሁ ስጡትና ተራችሁ እስኪደርስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፍላችሁ።