ግንቦት ላይ አካፋ ያዙ

የጎንደር ዘመዶቼ ጎርፍ ሲሉ ከተራራ እየተንደረደረ የሚወርድ ውሃ ነው የሚታያቸው። የባሕር ዳሩ ሌላ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት። ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው መሄጃ ያጣና ግቢያችን ውስጥ ይተኛል። ጣና ከሞላ ደግሞ ጭራሽ አይወርድም። ስለዚህ ዝግጅታችሁ ለሚቆይ ውሃ ይሁን።

ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ደረቅ ሳለ፣ ከበራችሁ ፊት ያለውን ቦይ ጥረጉ። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፤ የምታወጡትን ታውቁታላችሁ። ያወጣችሁትን ዳር ላይ አትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። በጋሪ አስጭኑት። መንገድ የሚያቋርጠው ቱቦ አፍ ላይ የፌሮ ፍርግርግ ማስበየድ ጥሩ ነው፤ ግን ከዝናብ በኋላ ካልተጠረገ ራሱ ግድብ ይሆናል። ከታች በኩል ያለው ጎረቤት ቦዩን ካልከፈተ የእናንተ ድካም ከንቱ ነው። ቡና ላይ ከማማረር እድር ላይ ብታነሱት ይሻላል።

ለበር የማዳበሪያ ጆንያ አዘጋጁ። አሸዋውን ከግማሽ ትንሽ አሳልፉት እንጂ ጢም አታድርጉት፤ የተወጠረ ጆንያ እርስ በርሱ ስለማይገጥም ውሃ ያሾልካል። መሬቱ ላይ ላስቲክ አንጥፉ። ጆንያዎቹን እንደ ብሎኬት፣ መጋጠሚያቸው እያለፈ ደርድሩና ረገጥ ረገጥ አድርጓቸው። ለሽንት ቤቱና ለሻወሩ ቀዳዳም አንዳንድ ጆንያ ይቀመጥ። ስንቱ ሰው በሩን ሲጠብቅ ውሃው በሻወር በኩል ገብቶበታል!

ውሃው ደፉን ሳያልፍ ብሬከሩን አውርዱ። ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ግን ንክች እንዳታደርጉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ገመዱም እዚያው። እኔ ሰኔ ሲገባ ብሎኬት ደርድሬ ከፍ አደርገዋለሁ። ጤፉና በርበሬውም አብረው ይወጣሉ። የቤት ካርታና የልጆች ማስረጃ በፌስታል ተጠቅልለው ቁም ሳጥን አናት ላይ።

በጎርፉ መሃል ከቤት አትውጡ። ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ከድፍርስ ውሃ ሥር አይታይም። ግድ ከሆነ በዱላ መሬቱን እየነካችሁ ሂዱ።

ውሃው ሲሸሽ ጭቃውን እርጥብ ሳለ አውጡ፤ ከደረቀ አይለቅም። ጎርፍ የነካው ዱቄት ይጣል። አስጥቼ አተርፈዋለሁ የሚል አለ፤ ያ ውሃ እኮ በየሽንት ቤቱ ዞሮ የመጣ ነው። የጉድጓድ ውሃም ሳይፈላ አይጠጣ። ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ግድግዳው በደንብ እስኪደርቅ አልጋውን አርቁ።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚባለው ለጣና ዳር ሰው አይሠራም። ዝናቡ ቢቀንስም ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡት ውሃ ገና ሐይቁ ውስጥ ነው። ጣና ጫፍ የሚደርሰው መስከረም ገደማ ነው። በ1998 ዓ.ም. ፎገራና ደንቢያ የተጥለቀለቁትም በክረምቱ ማገባደጃ ነበር። ጆንያዎቹን ጥቅምት እስኪጋመስ አታንሷቸው።