ለቁጠባ ወርቅ ስትገዙ ቁጥሩን እዩ

ቀፊራም ሆነ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያላችሁ የድሬዳዋ ልጆች፣ ያላችሁን ብር ሁሉ ዕቃ ላይ አታስሩት። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከትርፉ ጥቂቱን ወደ ወርቅ ማዞር ደግ ነው።

ግን ወርቅ እንዴት እንደሚገዛ እወቁበት። ለጌጥ የሚያምረው ሁሉ ለቁጠባ አይሆንም። ፈርጥ የበዛበት፣ ሥራው የረቀቀ ሐብል ስትገዙ የእጅ ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ ስትሸጡ ግን የሚመዘንላችሁ ወርቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈርጥ የሌለው ቀለል ያለ ቀለበት ወይም አምባር ይሻላል። ከውስጥ በኩል የተመታውን ቁጥር በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት፦ ቁጥሩ የወርቁን ንጽሕና ይነግራችኋል፤ 750 ማለት 18 ካራት፣ 875 ማለት 21 ካራት ነው። ግራሙና ካራቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ።

አክሲዮንም አለ። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ተከፍቷል። ነገር ግን መሸጥ በፈለጋችሁ ቀን ገዢ ላይገኝ ይችላል። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የሱቅ ኪራይ እዚያ አይግባ፤ የጥቂት ወራት ወጪ ባንክ ይቀመጥ። ወርቅም ቢሆን ዋጋው ይወርዳል፤ ተበድራችሁ አትግዙ።