ራሳችሁን ለመከላከል ሰው ከመታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ባሕር ዳር በጥብቅና ስሠራ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ራሴን ከተከላከልኩ አልከሰስም አይደል?» ይህን የሚያመጡት ከአሜሪካ ቪዲዮዎች ነው። ፍሎሪዳ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ራሱን የተከላከለ ሰው የማፈግፈግ ግዴታ የለበትም፤ ከወንጀልም ከካሳም ክስ ከለላ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከለላው እንደማይገባው የማስረዳት ሸክሙን ዐቃቤ ሕግ ላይ ጣለችው። እኛ ጋ ይህ የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ድርጊቱ አያስቀጣም ይላል እንጂ አትያዙም፣ አትከሰሱም አይልም።

አንቀጹ የሚጠይቀው ጥቃቱ ሕገወጥና የተቃረበ እንዲሆን፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ እንዳይቻል፣ አጸፋውም ተመጣጣኝ እንዲሆን ነው። ማታ ሽምብጥ ሰፈር አንድ የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪው ጩቤ መዘዘበት እንበል። በጎማ መፍቻው እጁን መታው፤ ጩቤው አስፋልት ላይ ወደቀ። እስከዚህ ድረስ እሟገትለታለሁ። ሰውዬው ወደ ጨለማው ሲሮጥ ተከትሎ ጀርባውን ካለው ግን ጥቃቱ አብቅቷል፤ ሁለተኛው ምት በቀል ነው። ብዙ ልጆቻችን የሚበላሹት ደማቸው ፈልቶ እዚህች ጋ ነው። መከላከሉ ሳያበቃ በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከመጠን ላለፈ ሰው አንቀጽ 79 አለ፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊቀንስ፣ ሊተወውም ይችላል።

እንግዲህ አትከተሉ። ጩቤውን አትንኩ። የተጎዳው ሰው ሐኪም ቤት እንዲደርስ አድርጉ፣ ለፖሊስም ደውሉ። ዘመድ «ገጠር ግባ፣ ሽማግሌ እንልካለን» ይላችኋል። ሽምግልና አከብራለሁ፣ ግን ከሸሻችሁ በኋላ «ተከላክዬ ነው» ብትሉ ማን ያምናችኋል? በዚያው ሌሊት የራሳችሁን ቁስልም አስመርምሩና የሐኪም ማስረጃ ያዙ፤ ጭረት ቢሆንም። ደም የነካውን ሸሚዝ እናታችሁ እንዳታጥበው። የጥበቃውን፣ የጀበና ቡና ሻጯን ስም ያዙ፤ ነገ ላታገኟቸው ትችላላችሁ።

ጣቢያ ስትደርሱ ጥቃት እንደደረሰባችሁና ምስክር እንዳላችሁ ተናገሩ፤ ዝርዝሩን ጠበቃ ካማከራችሁ በኋላ። ያለመናገር መብትም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አላችሁ።

በወንጀሉ ነፃ ብትባሉም የሐኪም ማስረጃውን አትጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የተጎዳው ሰው የካሳ ክስ ቢያቀርብ፣ ያንን የሚያየው ዳኛ በወንጀሉ ውሳኔ አይገደድም።